የቅዳሜ ጠብታ

እኔ ስናደድ እጄ አይንቀጠቀጥም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስቀዳ የኖርኩ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝና እጄን ከልቤ ለይቼ ማሠራት ተምሬአለሁ። ስለዚህ በዚያች ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሆስፒታላችን ኮሪደር ላይ ሲወድቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ደሙን የቀዳሁት እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ይቅዳ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የገዛ አባቴን ክንድ ለማን እሰጣለሁ?

ከመውደቁ በፊት የመጣበትን ጉዳይ አድርሶ ነበር። አባቴ እንዲህ ነው፤ የተላከበትን ሳያደርስ አይሞትም። ወደ ላብራቶሪው መስኮት ቀርቦ እንደ ሁልጊዜው ኮፍያውን አወለቀ፤ ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። "የጌታው ውጤት" አለ። ቀጥሎ ትንሽ እንደደከመው ነገረኝ። ሲደክመው አይቼ እንጂ ደክሞኛል ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዞሬ በበሩ እስክወጣ ድረስ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቁልቁል ተንሸራተተ።

የጌታው ውጤት የሚባለውን ነገር ላስረዳ። አባቴ ጡረታ የወጡ የአንድ ዳኛ ሹፌር ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ነድቶላቸዋል። ዳኛው ዓምና ልባቸውን አሟቸው ተኙ፤ ደማቸው ሲመረመር ኮሌስትሮላቸው ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። ኮሌስትሮል ደም ውስጥ የሚዞር ቅባት ነው። ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠባል፤ ሰውየው ግን አንድ ቀን ድርግም ብሎ እስኪዘጋበት ድረስ ምንም አይሰማውም። ዳኛው ሆስፒታል መመላለስ አልወድም ስላሉ ሐኪማቸው አንዲት መዳፍ የምታህል መለኪያ ቤታቸው እንድትቀመጥ ፈቀዱ። በወር አንዴ ለክታችሁ ውጤቱን ለላብራቶሪው ላኩ አሉ። በየሳምንቱ ይሁን ያለው የዳኛው ልጅ ነው።

የዳኛው ልጅ ጠበቃ ነው። ጣቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት ለመውጋት ነበር። መለኪያዋን ለማስተማር ቤታቸው ሄጄ ማን ይሞከርበት ስል እሱ እጁን ዘረጋ። እጅህን በሞቀ ውሃ ታጠብ አልኩት። የጣትህን መሐል ሳይሆን ጎኑን ውጋ፤ መሐሉ ያማል። አትጭመቀው፤ የተጨመቀ ደም ይዋሻል። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጥረጋት፤ እውነቱን የምትናገረው ሁለተኛዋ ናት። ማሽኗ የምትጎርሳት ቀጭን ወረቀት፣ ስትሪፑ ላይ አድርገህ ሦስት ደቂቃ ጠብቅ። ሦስቱን ደቂቃ ማሽኗን ሳይሆን እኔን እያየ ጨረሰ። ቁጥሩ ስንት እንደነበረ እስከ ዛሬ አላስታውስም፤ ይህ ደግሞ ለአንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነውር ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ወረቀት ሁለት ገጽ ነበራት። ፊቷ ላይ የዳኛው ቁጥር፣ ጀርባዋ ላይ ለእኔ። ስልክማ ነበረን። ስልክ ላይ ግን እሱ ጠበቃ ነው፣ እኔም ቶሎ የምቆጣ ሴት ነኝ፤ ጀርባዋ ላይ ብቻ ነበር ሁለታችንም እውነት የምንናገረው። "ዛሬ ችሎት ላይ አንቺን እያሰብኩ የደንበኛዬን ስም ተሳሳትኩ" ብሎ ይጽፋል። እኔም በሌላ ወረቀት፣ ፊቷ ላይ ለዳኛው የሕክምና ምክር፣ ጀርባዋ ላይ ለልጃቸው የማይመከር ነገር ጽፌ በአባቴ እጅ እመልሳለሁ። አባቴ ወረቀቷን ከፍቶ አያውቅም። ዳኛው ቢሰሙ ሹፌሬን ከነሴት ልጁ ጠራርጌ አስወጣለሁ እንደሚሉ ግን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ያንን ግቢ ከልጅነቴ ጀምሮ በኋላ በር ነው የማውቀው።

ቁጥሩ አልወርድ አለ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ሁለት መቶ አርባ አራት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። ከሁለት መቶ በታች መሆን ነበረበት። ሐኪማቸው መድኃኒቱን ጨመሩ፤ እኔም በየሳምንቱ ብዕሬን አሾልኩ። ቁርስ ላይ እንቁላል ይቅር ብዬ ጻፍኩ። ቅቤ ይውጣ፤ የሰባ ሥጋ ይውጣ፤ የተጠበሰ ነገር ገበታው አጠገብ አይድረስ። ሽማግሌው እየሰረቁ ይበላሉ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ እስቅባቸው ነበር። መጥተው ከክንዳቸው እንቅዳና እናረጋግጥ፣ ትንሽ ማሽን ብቻዋን አትታመንም ብዬ ሁለቴ ጽፌአለሁ። እምቢ ሲሉ ዝም አልኩ። ሦስተኛ ብጽፍ፣ ሐኪሙንም ብጎተጉት፣ ቅዳሜዬ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነበር። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለ፤ አልሸሽገውም።

አሁን ወደ ድንገተኛው ክፍል ልመለስ። ደሙን ቀድቼ ስጨርስ ጥጡን ይዞ እንዲጫን ብዬ የአባቴን ግራ እጅ ገለበጥኩት። ያኔ ጣቶቹን አየሁ። በመሐል ጣቱና በቀለበት ጣቱ ጫፍ፣ መሐሉን ሳይሆን ጎን ጎኑን፣ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥቦች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ደርቀው ጠንክረዋል። አንዷ ግን የዛሬ ናት፤ ትንሽ ፕላስተር ለብሳለች።

ጎን ጎኑን ውጉ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ደሙን ይዤ ወደ ላብራቶሪው ሮጥኩና ራሴ ማሽን ውስጥ አስገባሁት። ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት። ከጋዎኔ ኪስ ያቺን አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አወጣሁ። የጌታው ውጤት፣ ሁለት መቶ ሰባ አንድ። የሦስት ቁጥር ልዩነት በማሽንና በማሽን መካከል ምንም ማለት አይደለም፤ የአንድ ሰው ደም ነው። ስምንት ወር ሙሉ የአባቴን ደም እያነበብኩ ለሌላ ሰው ምክር ስጽፍ ኖሬአለሁ።

ከዚያ የባሰው መጣልኝ። አባቴ ምሳውን የሚበላው ዳኛው ማዕድ ቤት ነው፤ ከጌታው ገበታ የተመለሰውን። እኔ እንቁላል ይቅር ስል እንቁላሉ የት ሄደ? ቅቤው ይውጣ ስል ወዴት ወጣ? ከዳኛው ፊት በቁጣ ያነሳሁት ሁሉ የአባቴ ሳህን ላይ አርፏል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደሙ ጨምሮ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ይብስ እቆጣለሁ። አባቴ ቀጭን ነው፤ ቀጭን ሰው ኮሌስትሮል አይነካውም ብዬ አንድ ቀን እንኳን ለክቼው አላውቅም። ይህን የሚለው በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ቁጭ አድርጌ ነበር የምገስጸው።

እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጥርሴ ግን ይንገጫገጭ ነበር።

* * *

የተዘጋችውን የልቡን ሥር ሲከፍቱለት እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጠበቃው እየሮጠ መጣ፤ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተጠምጥሟል። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ አልጠራሁትም።

"ጋሼ እንዴት ናቸው?" አለኝ። አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሼ ነው የሚለው።

ወረቀቷን አውጥቼ ዓይኑ ፊት ያዝኩለት። "ይሄ የማን ደም ነው?"

"የአባቴ።"

"የማን አባት?"

ፊቱን አየሁት። ያልገባው ሰው ፊት አልነበረም። ያልገባው ሰው ግንባሩን ይቋጥራል፣ ምን ማለትሽ ነው ይላል። እሱ ዓይኑን ወደ ወለሉ አወረደ፤ እኔም በዚያች ቅጽበት አባቴን ብቻ ሳይሆን እሱንም እያጣሁት እንደሆነ ገባኝ።

የሚለካው መኝታ ቤት ውስጥ ተዘግቶ እንደነበረ ነገረኝ። አባቱና አባቴ ብቻ ይገባሉ፤ እሱ በር ላይ ይጠብቃል፤ አባቴ ቁጥሩን ይዞ ይወጣል፤ እሱ ይጽፋል። ማን እንደሚወጋ አላየሁም አለ። ጥሩ አድርጎ ተናገረው፤ ሥራው ነው።

"ይህቺ የመጀመሪያዋ ጠብታ ናት" አልኩት። "ጠርገናታል። ሁለተኛዋን ተናገር።"

ግድግዳውን ተደገፈ። ድምፁ ሲመለስ የችሎቱ ድምፅ አልነበረም።

"አምስተኛው ወር ላይ ጋሼ ጣት ላይ ፕላስተር አየሁ። ምንድን ነው ስላቸው የመኪናው ኮፈን ቆረጠኝ አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ፕላስተር ነበር። አልጠየቅኩም።"

"ለምን?"

"ብጠይቅ አውቀው ነበር። ካወቅኩ ማስቆም ነበረብኝ።" አንገቱን ደፋ። "ካስቆምኩ ደግሞ ቅዳሜ የለም።"

እወድሻለሁ ማለቱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ስጠብቃት የነበረችውን ቃል እዚያ፣ ያ የመድኃኒት ሽታ ያለበት ኮሪደር ላይ፣ በዚያ መልክ ሰጠኝ። በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

"ቀኑን ሙሉ ሰው ስታፋጥጥ ነው የምትውለው" አልኩት። "ሌባውን ትጠይቃለህ፣ ምስክሩን ትጠይቃለህ፣ የሞተ ሰው ኑዛዜ ሳይቀር ትመረምራለህ። ለአባቴ አንዲት ጥያቄ ጠፋችህ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ አንተን ነው።"

ወደ ላብራቶሪው ገብቼ ከመሳቢያዬ ወረቀቶቹን አመጣኋቸው። ከሠላሳ በላይ ናቸው፤ በላስቲክ አስሬ ነበር የማስቀምጣቸው። እጁ ላይ ጣልኩለት።

"አንብባቸው" አልኩት። "ጀርባቸውን አይደለም። ፊታቸውን።"

አንድ በአንድ እየገለበጠ ቁጥሮቹን ሲያነብ ትቼው ሄድኩ። እንዳይከተለኝ ነበር የፈለግኩት። ባይከተለኝ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ይቅር እንደማልለው አውቅ ነበር። አልተከተለኝም።

* * *

አባቴ በማግስቱ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። ሐኪሙ ከሞት አፋፍ ተመልሷል አሉኝ። እኔም ግንባሩን ስሜ፣ ጸጉሬን አስሬ፣ ወደ ዳኛው ቤት ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ ልጁ ነው። ሸሚዙ የትናንቱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። አልፌው ገባሁ። ዳኛው ሳሎን ውስጥ ባለ ረጅም መደገፊያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ዘርግተዋል። ሲያዩኝ አዘኑ፤ የእውነት ያዘኑም ይመስለኛል። የሆስፒታሉን ወጪ እሳቸው እንደሚችሉ፣ አባቴም ሥራው እንደሚጠብቀው ነገሩኝ። የሚያስፈልግ ነገር ካለ እንዳላፍር መከሩኝ። አንገታቸውን እየነቀነቁም "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" አሉ።

ይህን ሲሉ ቀረኝ ያልኩት ትዕግሥት አለቀ።

"መለኪያዋን አምጣልኝ" አልኩት ልጃቸውን። አመጣት። ጠረጴዛው ላይ ጥጡን፣ ስትሪፑን፣ መውጊያውን ደረደርኩ። "ጣትዎን ይስጡኝ።"

ዳኛው ጋዜጣውን አጠፉ። ገና ቁርስ እንደበሉ፣ ጊዜውም እንዳልሆነ ተናገሩ። ለዚህኛው ምርመራ መጾም እንደማያስፈልግ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከለበሱት ጋቢ ሥር አላወጡም። ያኔ አየሁት፤ ይህ ሰው ይፈራል። ሰው ላይ ሃያ ዓመት ሲፈርድ የኖረ ሰው፣ ከእህል ፍሬ የምታንስ መርፌ ፈርቶ ግንባሩ አልቦታል።

"ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም" አሉ። "ራሱ ነው ጣቱን የሰጠው።"

"አልከለከሉም።"

"አልከለከልኩም።"

"ቁጥሩ ሲጨምር ያዩ ነበር። የማን እንደሆነም ያውቁ ነበር። ምን አሰቡ?"

ያን ጊዜ ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር። ዳኛ ናቸውና አልዋሹም።

"የእሱ እንዲህ ከሆነ የእኔማ ምን ይሆን ብዬ ፈራሁ" አሉ። "መድኃኒቴን ዋጥኩ። አንቺ ይቅር ያልሽውን ሁሉ ተውኩ።"

"ስለ እሱስ?"

መልስ አልጠበቅኩም። እጃቸውን ከጋቢው ሥር ጎትቼ አወጣሁና የመሐል ጣታቸውን ጎን ወጋሁ። እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠረግኩ፤ ሁለተኛዋን ስትሪፑ ላይ አሳረፍኩ። ሦስት ደቂቃ ጠበቅን።

መቶ ሃምሳ ስምንት።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። እንደ ወጣት ሰው ደም ነው። በአባቴ ቁጥር የተጨመረላቸውን መድኃኒት ውጠው፣ በአባቴ ቁጥር የተቆረጠላቸውን ምግብ ትተው፣ ጌታው ድነዋል። የእሱን ደም ያነበብኩት እኔ፣ የተመከሩት እሳቸው፣ የወደቀው እሱ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው። ድምፄ ከመጠን በላይ ዝግ ብሎ ወጣ፤ እኔንም አስፈራኝ።

ከኋላዬ ልጃቸው ተናገረ።

"አባዬ፣ በየሳምንቱ ይሁን ያልኩት ለእርስዎ ጤና ብዬ አልነበረም። ለእሷ እንድጽፍ ነው። ጋሼ ጣት ላይ ፕላስተር አይቼም ዝም ያልኩት ለዚያው ነው። ከእርስዎ የእኔ ይከፋል፤ እርስዎ መርፌ ነው የፈሩት።"

ዳኛው ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ተመለከቱ። ነገሩ ሲገባቸው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "የሹፌሬን ልጅ?"

"የሹፌርዎን ልጅ" አልኳቸው። "ስምንት ወር በእርስዎ ስም ደሙ የተመዘገበውን የሹፌርዎን ልጅ። ከዚህ በኋላ እኛ ቤት ሹፌር የለም።"

መለኪያዋን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በዚያው በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዴም ዞር አላልኩም። ያ ሰው በአባቱ ፊት ስለ እኔ የተናገረው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

* * *

አባቴን ልጠይቀው የቻልኩት በሦስተኛው ቀን ነው። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አልጋው ላይ አርፏል፤ እጆቹ ከብርድ ልብሱ ውጭ ናቸው። እሱ ላይ ልቆጣ አስቤ አልነበረም። ጣቶቹን ሳይ ግን ተነሳብኝ።

"አባዬ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የነዳህላቸው አይበቃም? ደምህንም ጨምረህ ነው?"

እሱ ግን ፈገግ አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዳኛው ራሳቸው ተወግተው ደማቸውን ሲያዩ ዓይናቸው ዞረ። በሁለተኛው ሳምንት መለኪያዋን አልጋው ላይ ወርውረው ከእንግዲህ በዚህ ቤት አልለካም አሉ። ልጃቸው በር ላይ ቆሞ ሰማ።

"እስክሪብቶውን እንደያዘ ነበር" አለ አባቴ። "እንዴት አድርጎ እንደቆመ ብታዪው። ሰው የሞተበት ነበር የሚመስለው። በሩን ዘጋሁና ጌታዬ፣ የእኔን ይውሰዱ አልኳቸው። ጠብታ ናት፤ ምን አላት?"

"አንተ ታውቅ ነበር? ጀርባዋ ላይ ያለውን?"

"አላነበብኩም።" ይህን ሲል እንደ መሐላ አድርጎ ነው። "ግን ከዚያች ወረቀት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እያንጎራጎርሽ ነበር የምትገቢው። እናትሽ ከሞተች በኋላ እኛ ቤት ውስጥ ማን አንጎራጉሮ ያውቃል?"

ሦስት ቀን ሙሉ ንዴቴን ለዳኛው፣ ለጠበቃው፣ ለእንቁላሉና ለቅቤው ሳይቀር ሳከፋፍል ነበር የቆየሁት። አሁን የሚሄድበት አጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ራሴን የአባቴ መዳፍ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። በእነዚያ በተወጉት ጣቶቹ ጸጉሬን ዳበሰኝ። በልቅሶዬ መሐልም ተናድጄበት ነበር። እንዲህ ተደርጎ ይወደዳል?

* * *

አባቴ ከሆስፒታል ከወጣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ሁለት ክፍል ናት ቤታችን፤ በሯን ሲያንኳኩ ሁሉም ይሰማል። ጠበቃው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ አንድም ቀን አልደወለም፤ አልጻፈም። ጎረቤት እንደነገረኝ ግን እኔ ሥራ በሆንኩ ቁጥር እየመጣ አባቴን በእግር ያንሸራሽረው ነበር። ከአባቱ ቤት ወጥቶ አንዲት ክፍል እንደተከራየም ከጎረቤት ነው የሰማሁት። አባቴ ምንም አልነገረኝም። ምስጢር መያዝ እንደሚችልማ አሳይቶኛል።

"ጋሼን ልለካቸው መጥቼ ነው" አለ ጠበቃው፤ ከደጃፉ ሳያልፍ። "በወር አንዴ። ሐኪሙ ያሉት እንደዚያ ነው።"

እምቢ ልለው ነበር። አባቴ ከውስጥ ሆኖ ይግባ አለ።

መለኪያዋን ሰጠሁትና ክንዴን አጣምሬ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። እጁን ታጠበ። የአባቴን እጅ በሞቀ ውሃ ነክሮ አደረቀለት። ያልተወጋ ጣት ሲፈልግ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እያየ ብዙ ቆየ። ጎኑን ወጋ። አልጨመቀም። የመጀመሪያዋን ጠረጋት። ሦስቱን ደቂቃ በዚህኛው ቀን እኔን አላየም፤ የአባቴን ፊት ነበር የሚያየው።

መቶ ዘጠና አራት። አባቴ ፈተና ያለፈ ተማሪ ይመስል ሳቀ። ጠበቃው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ በዚህኛው ጊዜ ከላይ የአባቴን ሙሉ ስም አስፍሮ፣ አራት ላይ አጥፎ ሰጠኝ።

ከፈትኳት። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ባዶ ነው።

"ምነው?" አልኩት።

"እዚህ ላይ ለመጻፍ መብት የለኝም" አለ። "ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።"

አሁንም ተናደድኩ። ስምንት ወር ሙሉ መጻፍ በሌለበት ጊዜ ጻፈ፤ ዛሬ መጻፍ በሚገባው ቀን መብት ትዝ አለው። እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቅኩት። ወረቀቷን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጀርባዋ ላይ ጻፍኩ፤ አራት ላይ አጥፌ፣ በአባቴ እጅ ሳይሆን በራሴ እጅ ሰጠሁት።

ከፍቶ ሲያነባት አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ የማያየውን መንገድ ማየት ጀመረ።

"አሁንም በጣም ተቆጥቻለሁ" ይላል። "በወር አንዴ አይበቃኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ና።"

እጄን ሳይ ይንቀጠቀጥ ነበር።